ከራስጌዎ አልለይም

የባሏ ዳሌ በሰው ሠራሽ እንዲተካ ሲወሰን፣ ሀሚዳ ዱዓ ስታደርግ የሰነበተችው በሕይወት እንዲተርፍላት ነበር። የሌላ ሴት ስም ይዞባት ይመጣል ብላ አላሰበችም።

አብዱልጀባር አብነት ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነው። ዳሌው አልቆ የስፌት መኪናውን መርገጥ ካቃተው ቆይቶ ነበር። ልደታ አጠገብ ባለው ሆስፒታል አንድ መስኮብ ሐኪም ከአገሩ ከሩሲያ ያስመጣውን የብረት መገጣጠሚያ ላስገባለት አለ። አብዱልጀባር ግን አስም ስላለበት ሙሉ በሙሉ ማስተኛቱ አሰጋ። ጀርባውን ተወግቶ ከወገቡ በታች ብቻ እንዲደነዝዝ ተወሰነ። ማደንዘዣውን የምትሰጠው ወይንሀረግ የምትባል ነርስ ነበረች።

በቀዶ ጥገናው ጠዋት ሀሚዳ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ ስትመጣ፣ ወይንሀረግ በር ላይ አስቆመቻት።

«እትዬ፣ ዛሬ እሳቸው ምንም እንዳይቀምሱ። ሆዳቸው ባዶ ካልሆነ ሲያስመልሳቸው ወደ ሳንባቸው ይገባል።»

«ባሌን የማበላውን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው?» ልትላት ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ፣ መልሳ ዋጠችው። አብዱልጀባር ግን ነርሷን ሲያይ ፈገግ አለ። ለሀሚዳ ፈገግ ካለላት ወራት አልፈዋል።

ሥራው አልቆ ወደ ክፍሉ ሲመልሱት፣ «አልሀምዱሊላህ!» ብላ ግንባሩን ሳመችው። እሱ ወደ በሩ እያየ፣ «ወይንሀረግ ሄደች እንዴ?» አላት።

ቤት ከገባም ወሬው እሷው ሆነች። ጠያቂ በመጣ ቁጥር ክራንቹን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና ይጀምራል።

«መጋዙን እሰማለሁ፣ መዶሻውን እሰማለሁ፣ እግሬ ግን የኔ አይደለም። ብረቱን የሚያጣብቁበትን ነገር ሲጨምሩ ልቤ ስልም አለች። ወይንሀረግ ግሉኮሱን ለቀቅ አድርጋ፣ ኦክስጅን ሰጥታ፣ ‹ከራስጌዎ አልለይም› አለችኝ። እጄን እንደያዘች ጨረሱ። እንደ ሕፃን ፈርቼ ነበር፣ ወላሂ!»

ሀሚዳ ጓዳ ሆና ትሰማለች። ፈራሁ ሲል ሰምታው አታውቅም። ልጃቸው በታሰረበት በዚያ ክፉ ዓመት እንኳ፣ እሷ ስታለቅስ እሱ አቀርቅሮ ይሰፋ ነበር። ለእሷ የነፈጋትን ፍርሃቱን ወስዶ ለባዕድ ሴት ሰጠ። እጁን መያዟ ይህን ያህል አላንገበገባትም።

መኪናውን እንደገና መርገጥ የቻለ ዕለት ሰማያዊ ቀሚስ ቆረጠ።

«ለማን ነው?»

«ለወይንሀረግ።»

«መጠኗን በምን አወቅኸው?»

«ስንት ዘመን ሰፋሁ? በዓይኔ ነዋ።»

«በዓይንህ!» አለች። ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ቀሚሱ ሲያልቅ፣ «እኔ አደርሳለሁ» ብላ ከእጁ ተቀበለችው። በመንገድ ላይ የምትናገረውን ስታሰላስል ሄደች፤ ባለትዳር ሰው ነው፣ ልጆች አሉት፣ ተይው።

ወይንሀረግን ያገኘቻት ኮሪደሩ ውስጥ ነበር። አንዲት አሮጊት በተሽከርካሪ አልጋ ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል እየገቡ ይንቀጠቀጣሉ። ነርሷ ጎንበስ ብላ እጃቸውን ያዘች።

«እማማ፣ አይዞዎት። ከራስጌዎ አልለይም።»

ሀሚዳ ቆማ ቀረች። ቃሉ ለባሏ የተባለው ያው ነው፤ ለእሱ ብቻ የመሰላት ለስላሳነትም ለአሮጊቷ አልጎደለም። ረጅም ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ወይንሀረግ ዓይኗ በድካም ቀልቶ ስትወጣ ቀሚሱን ሰጠቻት።

«አብዱልጀባር ነው የላከልሽ።»

«አብዱልጀባር?» ነርሷ ግራ ገባት። «ይቅርታ፣ እትዬ፣ የትኛው ታማሚ ነበሩ?»

ሀሚዳ መጀመሪያ ቀለል አላት። ወዲያው ደግሞ ተናደደች፤ የኔ ባል እንዴት ይረሳል!

«ልብስ ሰፊው ነዋ! አስም ያለበት፤ ዳሌውን ያደነዘዝሽው!»

«እህ፣ አዎ አዎ» አለች ነርሷ፣ እንዳላስታወሰች ፊቷ እያሳበቀ።

ቤት ስትደርስ አብዱልጀባር ደጃፍ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ምን አለች?»

እውነቱን ልትነግረው አፏን ከፈተች። ከዚያ ክራንቹ ላይ ተደግፎ በጉጉት ሲያያት አንጀቷን በላት።

«አስታወሰችህ። በጣም ሰላም ብላሃለች።»

ፊቱ ፈካ። ሀሚዳ ለእሷ ከፈካላት ወራት ያለፉትን ያንን ፊት ባየች ጊዜ መዋሸቷ ቆጫት፤ ገብታ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች።