የፓትሪክ ጽዋ

እኔና ጋሼ ኮርማክ መርካቶ፣ በልብስ ሰፊዎች ተራ፣ በአንዲት የቆርቆሮ ግድግዳ ተለያይተን አሥራ አንድ ዓመት ሠርተናል። እኔ ከወዲህ እሰፋለሁ፤ እሳቸው ከወዲያ የተበላሸ የስፌት መኪና ያበጃሉ። አገራቸው አየርላንድ ነው፤ ዙሪያውን ባሕር የከበበው አገር። መጀመሪያ የመጡት መኪና ከሚያስመጣ አንድ ኩባንያ ጋር ነበር። ኩባንያው ሲዘጋ ሌሎቹ ፈረንጆች ሄዱ፣ እሳቸው ቀሩ። ያስቀረቻቸው ባለቤታቸው እትዬ ሠርኬ ናት፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ጨዋታ አዋቂ። አማርኛ ያስተማረቻቸው እሷ ስለሆነች ንግግራቸው ቁርጥ ጎጃሜ ነበር። ፊት ለፊታችን ካፖርት የሚሰፋው ወሎዬው ጠይብ፣ «ጋሼ ኮርማክ፣ ዓባይን የተሻገሩት በየት በኩል ነው?» እያለ ይቀልድባቸዋል። እሳቸውም ከመኪናው ቀና ሳይሉ፣ «በዋና» ይሉታል።

እንግዲህ እኚህ ሰው በዓመት አንድ ቀን ሱቅ አይከፍቱም፤ መጋቢት ስምንት ቀን። የአገራቸው ቅዱስ፣ የፓትሪክ በዓል ነው። ይህን ፓትሪክ በልጅነቱ ወንበዴዎች ማርከው፣ ባሕር አሻግረው አየርላንድ ወሰዱት፤ ስድስት ዓመት ባሪያ ሆኖ አገለገለ፤ ከዚያ አመለጠ። በኋላ ግን ወደዚያው፣ ባሪያ ወዳደረጉት ሰዎች ተመልሶ ወንጌል አስተማራቸው። ሥላሴን ያስረዳቸውም ባለ ሦስት ቅጠሏን የሜዳ ሣር፣ ማገጥን ቀጥፎ እያሳየ ነው ይላሉ። እትዬ ሠርኬ ይህን የሰማች ዓመት፣ «እንዲህ ያለ ቅዱስማ ያለ ዝክር አይውልም» ብላ ዳቦ ጋገረች፣ ጠላ ጠመቀች፣ የሸክላ ጽዋ ገዛች፣ ጎረቤት ጠራች። ቀኑ ሁልጊዜ ሁዳዴ ውስጥ ስለሚውል ማዕዱ የጾም ነው፤ የምንቀምሰውም ቅዳሴ ከወጣ በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የቅዱሱን ታሪክ የምትተርከው እሷ ናት፤ ባልዋ ጥግ ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ተዘከረ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ጥፋት ከሆነ።

በ1957 ዓ.ም. ባለቤቴ ባይነሽ አራስ ስለነበረች ዝክሩ ላይ አልተገኘችም። ሰው ሊበተን ሲል እትዬ ሠርኬ ደክሟት ቁጭ አለች። ጋሼ ኮርማክ ተነሡና ጠላ ያለበትን ጽዋ፣ ከላዩ ቁራሽ ዳቦ አድርገው፣ በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። «ውሰድ» አሉኝ።

ልጆቼ፣ ማኅበር በሚጠጣበት ቤት ያደጋችሁ ይገባችኋል። ዝክር ሲያበቃ ደጋሹ ጽዋውን የሚሰጠው ለተረኛው ነው። ተረኛው ቆሞ፣ ተሳልሞ ይቀበላል፤ ከተቀበለ ደግሞ የሚመጣውን በዓል የሚደግሰው እሱ ነው፤ አይቀርም። ታዲያ በቅዱስ ዝክር ማብቂያ ላይ ባለቤቱ ራሱ ጽዋ ሲሰጠኝ ሌላ ምን ይመስለኛል? ብድግ አልኩ፣ ተሳለምኩ፣ «ለከርሞ ያድርሰኝ» አልኩ። ቤቱ በሙሉ «አሜን» አለ። ጋሼ ኮርማክም ፈገግ ብለው «አሜን» አሉ። እትዬ ሠርኬ ብቻ ትክ ብላ አየችኝ።

ኅዳር ላይ አረፈች። ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት ኖሮ፣ ደብቃ ደብቃ፣ ሐኪም ሲያያት ጊዜው አልፏል። ተክለ ሃይማኖት ቀበርናት። ጋሼ ኮርማክ ከአርባዋ በኋላ ሱቅ ከፈቱ፤ ግን ከግድግዳው ወዲያ የመዶሻ ድምፅ እንጂ የሰው ድምፅ ጠፋ። ጠይብም መቀለዱን ተወ።

የካቲት ሲጋመስ ስለ ዝክሩ ላነጋግራቸው ገባሁ። ካቻቢቴ ይዘው የአንዱን መኪና ሆድ ይጎረጉራሉ።

«መጋቢት ስምንት ደረሰ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

«ዘንድሮ የለም።»

«እንዴት የለም?»

መሳቢያቸውን ሳቡና አንድ ፎቶግራፍ ሰጡኝ። አሜሪካ ያለው ወንድማቸው የላከላቸው ነው። ባርኔጣ የደፉ ሰዎች ብርጭቆ ከፍ አድርገው ይስቃሉ።

«የፓትሪክ ቀን ነው» አሉኝ። «ባርኔጣው አረንጓዴ ነው። ቢራውንም አረንጓዴ ቀለም ይጨምሩበታል።»

«ለምን?»

«ለምን እንደሆነ ቢያውቁ ደግ ነበር። ስለ ቅዱሱ የሚያስብ የለም። አስናቀው፣ ይህ በዓል አልቆለታል። አክብረን ምን እናደርገዋለን?»

ፎቶግራፉን መለስኩላቸው። «እነሱ ባያከብሩት እኛ እናከብረዋለን። ደሞም እርስዎ ሊያስቀሩት አይችሉም፤ ዘንድሮ እኔ ጋ ነው።»

«ምኑ ነው አንተ ጋ ያለው?»

«ጽዋው። አምና ሰጥተውኛል።»

«የሰጠሁህ ጠላ ነው። ለአራሷ።»

«ቆሜ፣ ተሳልሜ ተቀብያለሁ። ሰው ሁሉ አሜን ብሏል። እርስዎም ብለዋል።»

«ምስጋና መስሎኝ ነው።» ካቻቢቴውን አስቀመጡት። «እንግዲያው መልስልኝ።»

«ጽዋ አይመለስም፣ ጋሼ።»

እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር። «ሠርኬ ያን ቀን ታማ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ጎንበስ ቀና ስትል አይቻለሁ። ግራ እጇን ማንሣት አቅቷት ነበር። ድካም ነው አለችኝ፣ አመንኳት። ሐኪሙ፣ በጋውን ብታመጣት ኖሮ አለኝ። በጋውን እሷ የእኔን በዓል ጠላ ትጠምቅ ነበር። አሁን በዚያ ቀን ናና ዳቦ ቁረስ ትለኛለህ?»

እጅ ነሥቼ ወጣሁ።

ያን ሰሞን ጨርቁን ሁሉ ስቼ ነው የምቆርጠው። ባልዘክር በቅዱስ ስም የተቀበልኩትን መካዴ ነው። ብዘክር ደግሞ በወዳጄ ቁስል እንጨት መስደዴ ነው። ቢጨንቀኝ ወደ ነፍስ አባቴ፣ ወደ አባ ወልደ ሚካኤል ሄድኩ።

«የማን ታቦት ነው?» አሉኝ ነገሩን ሰምተው።

«የአየርላንድ ቅዱስ ነው፣ አባ። ካቶሊኮች ናቸው።»

«ስንክሳር ላይ የለማ።»

«የለም።»

«ታዲያ ሳታውቅ ተቀበልክ?»

«እኔስ አውቄ ነው። ያላወቀው ሰጪው ነው።»

ሳቃቸው መጣና በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈን አደረጉ። የቅዱሱን ታሪክ አስነገሩኝ። ባሪያ ወዳደረጉት ሰዎች ተመለሰ ስላቸው ቀና አሉ። «እንደ አባ ሰላማ ነዋ» አሉ። «እሱስ ልጅ ሆኖ ተማርኮ መጥቶ አይደል፣ በኋላ ጳጳስ ሆኖ የተመለሰልን?» ጥቂት አሰቡ። «ማኅበር ነው ብዬ አልባርክልህም፤ ሥልጣንም የለኝ። ግን ወንጌሉ በደቀ መዝሙር ስም ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ እንኳ ዋጋው አይጠፋበትም ይላል። ነዳያን አብላበት። ለእነሱ ስል እኔም እመጣለሁ። ሰውየውን ጥራው፤ እንቢ ካለ ግን አትቆጣው። ኀዘን የራሱ ቀን አለው።»

እንደተባልኩት አደረግሁ። ቤቴ ከሱቁ ጀርባ ስለነበር የጋሼ ኮርማክ ግድግዳ ለእሱም ግድግዳው ነው። የጠላው ጥንስስ ሲሸት እንደሚሰማቸው አውቃለሁ። ተራችን መግቢያ ላይ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ውባንቺ ሽሮውን ሠራች። ጠይብ ከሻይ ቤት ሁለት አግዳሚ ተሸክሞ መጣ።

«አንተ ሰውዬ» አለችው ውባንቺ፣ «ጠላውን አትጠጣ፣ ጽዋውን አትሳለም፣ እዚህ ምን ልትሠራ ነው?»

«ዳቦ ልበላ። ዳቦ ሃይማኖቱን አልነገረኝም።»

«ሥራ ፈት።»

«አግዳሚውን ማን ተሸከመልሽ ታዲያ?»

የበዓሉ ዕለት ጠዋት ሄጄ ጋሼ ኮርማክን ጠራኋቸው። «ሥራ አለኝ» አሉ፣ አላዩኝም። እውነትም ሱቁን ከፍተው ነበር፤ በመጋቢት ስምንት ሲከፍቱ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ያመጣኋቸው ነዳያን ተደርድረው ተቀመጡ፣ አባ ወልደ ሚካኤል ገቡ፣ ዳቦው ተሸፍኖ ቀረበ። ከግድግዳው ወዲያ የመኪናው መርገጫ ይንቋቋል። ቀጥ ይላል፣ ደግሞ ይጀምራል። ሁላችንም እሱን ነበር የምናዳምጠው።

«እንጀምር?» አሉኝ አባ።

ባይነሽ ልጇን ለውባንቺ አሳቀፈችና ወጣች። ምን ልታደርግ ነው ብዬ ተከተልኳት። ጋሼ ኮርማክ ሱቅ ገብታ ቆመች፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

«ጋሼ ኮርማክ» አለች፣ «አንድ ነገር ደብቄዎት ኖሬያለሁ።»

መርገጫው ቆመ።

«እትዬ ሠርኬ አራስ ልትጠይቀኝ መጥታ እብጠቷን አሳይታኛለች። ከአምናው ዝክር ሳምንት በፊት ነው። ሐኪም ቤት ሂጂ አልኳት። ከፓትሪክ በኋላ አለችኝ። ለእርስዎ እንዳልነግር አስማለችኝ።»

እኔም ያን ጊዜ መስማቴ ነው። አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን ዓመት ሙሉ አልነገረችኝም።

«በማን አስማለችሽ?» አሉ። ከሁሉ አስቀድመው የጠየቁት ይህን ነው።

«በፓትሪክ። ሚካኤልን በይ ብትለኝ እንቢ እላት ነበር። የማላውቀው ቅዱስ ነው፣ ይቀለኛል ብዬ ማልኩ። አልቀለለኝም፤ እንደ ሚካኤል ከበደኝ።»

«ለምን ከበዓሉ በኋላ አለች?»

«ከአገሩ የቀረችለት ይህች አንዲት ቀን ናት፤ እኔ ከተኛሁ ይተዋታል አለች። በኋላ ደግሞ ብጠይቃት ከፋሲካ በኋላ አለች። ቀጥላ ክረምቱ ይውጣ አለች።» ባይነሽ ነጠላዋን ጨበጠች። «ፈርታ ነበር፣ ጋሼ። በዓሉን ያመካኘችበት ይመስለኛል።»

«ብትነግሪኝ ኖሮ» ብለው ጀመሩ።

«አዎ» አለች። «ብነግርዎት ኖሮ።»

ይቅር ይበሉኝ አላለችም፤ የሚበቃ ቃል አልመሰላትም። ጎንበስ ብላ ተሰናበተችና ወጣች። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ነበር፤ አልጠረገችውም። እኔም ተከትያት ገባሁ።

አባ ጸሎቱን አድርሰው ዳቦውን ሲቆርሱ ጋሼ ኮርማክ ደጃፉ ላይ ቆሙ። እጃቸውን በሳሙና ታጥበዋል፤ የመኪናው ዘይት ጥፍራቸው ሥር ቀርቶ ነበር። ሰው ሁሉ ሊነሣላቸው ሲል በእጃቸው ከለከሉና ከነዳያኑ መካከል፣ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ባይነሽ ዳቦ አቀረበችላቸው። ለአፍታ አዩዋት። ከዚያ ተቀበሏት።

ከማዕዱ በኋላ እትዬ ሠርኬ የምትተርክበት ሰዓት ደረሰና ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉ እኔን አየኝ። ዳዊት ደግሜ የወጣሁ ሰው ነኝ እንጂ ተራኪ አይደለሁም፤ እንደምንም ጀመርኩት። «ወንበዴዎች ማርከው ወሰዱት፤ ሰባት ዓመት ባሪያ ሆኖ አገለገለ» አልኩ።

«ስድስት» አሉ ጋሼ ኮርማክ ከወዲያ።

«ስድስት። ከዚያ በመርከብ ወደ እናቱ አገር ሸሸ።»

«መጀመሪያ በእግሩ ነው የሄደው። ሩቅ ነው።»

አፌን ዘጋሁ። እሳቸውም መናገር እንደሌለባቸው ሰው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በዚያ በጎጃም አማርኛቸው ቀጠሉት። እሷ ያልነገረችንንም ነገሩን። ፓትሪክ አገሩ ገብቶ ከወገኖቹ ጋር ሳለ በሕልሙ የእነዚያን ባሪያ ያደረጉትን ሰዎች ድምፅ ሰማ፤ ናና እንደገና በመካከላችን ተመላለስ እያሉ ይለምኑታል። ወገኖቹ አትሂድ አሉት። «ይህን ለሠርኬ ነግሬአት ነበር» አሉ። «አንድ ሰው አገሩን ትቶ ሲመጣ ዘመዶቹ የሚሉትን ለምን ለጎረቤት እነግራለሁ ብላ ተወችው።» ድምፃቸው እዚያ ላይ ተሰበረ። ማንም አላጣደፋቸውም። ጠይብ መሬት መሬት ያያል። ቆይተው ጨረሱት።

ጽዋውን ይዤ ተነሣሁ። በመጀመሪያ ወደ እሳቸው አየሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አይሆንም ማለታቸው ነው። ጽዋውን እንደያዝኩ ቀረሁ።

«ወዲህ በል» አለች ውባንቺ፣ ተነሥታ። «ይህን ሁሉ ዓመት በልቼበት ዛሬ ዝም ብዬ ልየው?» ተሳለመች፤ ተቀበለች። ቤቱ አሜን አለ። ጋሼ ኮርማክ አሁን የሚሉትን እያወቁ አሜን አሉ።

ሰው ሲወጣ እሳቸው ደጃፉ ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ዘገዩ።

«አስናቀው» አሉኝ፣ «እኔ ከእንግዲህ አልደግስም።»

«እሺ፣ ጋሼ።»

«በዓሉ መከበር ይገባዋል ብዬ አልነግርህም። ወንድሜ ጋ የቀረው ቢራው ነው። እኔ ጋ የቀረው ምን እንደሆነ ገና አላወቅሁም።»

«እሺ።»

ባርኔጣቸውን ደፉ። ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ።

«ውባንቺ ቤቷ የት ነው?»

«አማኑኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች።»

«አላውቀውም።»

«እኔ እወስድዎታለሁ» አልኳቸው።