የድንቡሼ ድምፅ

አባዬ ድንቡሼን ሊለውጣት ነው ስባል በደስታ ጮህኩ! ድንቡሼ ትልቋ አሮጌ መኪናችን ናት። ቤንዚን ስትጠጣ ለጉድ ነው፤ አባዬ ግን እንደ ዓይኑ ብሌን ስለሚያያት መሪዋን እንኳን አያስነካኝም። እማዬ "ወይ እሷ ወይ እኔ!" ስላለችው ነው በትንሽዬ የኤሌክትሪክ መኪና ሊለውጣት እሺ ያለው። በትንሿ ደግሞ መንዳት ሊያስተምረኝ ቃል ገብቶልኛል!

የሚለውጠው ሰውዬ ትንሿን መኪና እየነዳ መጣ፣ ድንቡሼ ውስጥ ገብቶ ቁልፉን አዞረ፣ ድንቡሼ ጭጭ!

"ወይኔ ልጄን! ዛሬ ደግሞ ምን ነካት?" አለ አባዬ፣ ለቅሶ ቤት የገባ መስሎ።

በቃ መንዳቴ ቀረ ብዬ እንባዬ ሊመጣ ሲል፣ እማዬ ቀስ ብላ እጇን አባዬ ኮት ኪስ ውስጥ ከተተችና አንዲት ጥቁር ገመድ መዘዘች። ለካ ከሞተሩ ላይ ነቅሎ ደብቋታል!

"ጌታው፣ ይሄ ከረባትህ ነው?"

ሰውዬው በሳቅ ፍርስ አለ። ገመዷ ቦታዋ ተመለሰች፣ ድንቡሼ እያጓራች ሄደች፣ አባዬም እስከ መታጠፊያው በእግሩ ሸኛት።

ከዚያ ትንሿ ውስጥ ገብተን አስነሳኋት።

"ሞታለች እንዴ?" አለ አባዬ።

"ተነስታለች እኮ! ድምፅ የላትም።"

"እንግዲያው አንቺ ካላጓራሽ አትነጂም!"

ምን ላድርግ? "ዥዥዥዥ" እያልኩ ሰፈሩን ዞርኩ! ጎረቤት ሁሉ በረንዳ ላይ ወጥቶ ያየኛል። አባዬ ፈገግ ብሎ፣

"ማርሽ ቀይሪ እንጂ!"

"ማርሽ የላትም እኮ አባዬ!"

"በአፍሽ ቀይሪያ!"