ያልተከፈተው የጨው ጠርሙስ

የላቦራቶሪው ሰው ሁሉ «እጀ ወርቅ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ባልደረቦቿ ቢሆኑም ለመስማት የምትቸኩለው ግን እሷው ነበረች፤ ምስጋና ማን ይጠላል! ከደምም ሆነ ከአጥንት ዲኤንኤ ስታወጣ ስታ አታውቅም።

አንድ ሽማግሌ በክብሪት ቀፎ ይዘውት የመጡት የልጃቸው የወተት ጥርስም ለዚሁ ነው ለእሷ የተሰጠው። ልጃቸውን ወንዝ ከወሰደው ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ውሃው ሲጎድል ከታች በኩል አጥንት ተገኘ። የእሱ ይሁን የሌላ ሰው፣ የሚለየው ያ ጥርስ ብቻ ነው፤ ሽማግሌውና ባለቤታቸው አሳደጉት እንጂ አልወለዱትምና የእነሱ ደም አይረዳም።

«ግማሹን አስቀምጪ እንጂ» አላት አብሯት የሚሠራው ባለሙያ።

«እኔ እኮ ነኝ! ለአንድ ፍሬ ጥርስ ደግሞ ሁለት ጊዜ ልድከም?» ብላ ሙልጭ አድርጋ ፈጨችው።

የቀረው ቀላል ነበር። ከዱቄቱ የወጣው ዲኤንኤ በሟሟበት ውሃ ላይ መጀመሪያ የጨው ውሃ፣ ከዚያ ቀዝቃዛ አልኮል ይጨመራል። ሁለቱ ሲተባበሩ ዲኤንኤው ከፈሳሹ ይለያል፤ ማሽን ሲያሽከረክረው ከብልቃጡ ሥር ይዘቅጣል። ጨው ከሌለ ግን እንደሟሟ ይቀራል። እጀ ወርቅ ያን ጊዜ ስለ ራሷ ወሬ ይዛ ነበር። አልኮሉን ጨመረች፣ አሽከረከረች፣ ፈሳሹን ሲንክ ውስጥ ደፍታ ቧንቧ ከፈተችበት። ከሲንኩ በላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ወረቀት ተለጥፏል፦ «የታችኛውን ሳታዩ የላይኛውን አትድፉ»።

ብልቃጡን ወደ መብራት አነሣችው። ባዶ ነው። በመሣሪያ ለካችው፤ ምንም የለም። ዞር ስትል ጠዋት ያወጣችው የጨው ጠርሙስ ከነማሸጊያው ቆሟል። ፊቷ ነደደ። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይሉት ተረት ጠርሙሱን ሳይሆን እሷን የሚመለከት መሰላት።

ሽማግሌው ውጤት ሊሰሙ ሲመጡ ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም።

«አባባ፣ ጥርሱ ተበላሽቷል። ምንም አልተገኘበትም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ በተሻላት።

«እኔ ነኛ ልጄ» አሉ ባዶውን ቀፎ እያገላበጡ። «ባለቤቴ እርጥበት ይነካዋል፣ ከመስኮቱ ሥር አንሣው ስትለኝ፣ እሺ እሺ እያልኩ… አንቺንም በከንቱ አለፋሁሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

አመስግነው ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ያላጠፉትን ጥፋት አሸክማ ሰደደቻቸው፤ ይባስ ብሎ ይቅርታም ተጠየቀች። እየሮጠች ደረጃው ላይ ደረሰችባቸው።

«አባባ! ዋሸሁዎት። ጥርሱ ምንም አልሆነም ነበር፤ በደንብ ነው ያስቀመጡት። እኔ ነኝ ጨው ረስቼ… ልጅዎን ከውሃ ጋር የደፋሁት።»

ሽማግሌው የደረጃውን ብረት ያዙ። «ተይው፣ ሰው ይሳሳታል» ይሉኛል ብላ ጠበቀች። አላሉም።

«ባለቤቴ ታች ተቀምጣለች፤ ደረጃ አትችልም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ለእሷ የምነግርበት አፍ የለኝም። ነይ፣ አንቺው ንገሪያት።»

ፊት ፊት ወረዱ። እሷም ጓንቷን እንኳ ሳታወልቅ ተከተለቻቸው። በሩ አጠገብ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት እናት ነጩን ጋዋን ገና ሲያዩ ፊታቸው በራ፤ ጉልበታቸውን ይዘው ብድግ አሉ።

«ተገኘልኝ እንዴ ልጄ?»