የያቭነው መርዶ

«በኦሪት እምላለሁ፣ አንዲት ቃል ከጨመርሁ ምላሴን ይቁረጠው!» አለ ዘበነ፣ ደረቱን በሁለት እጁ እየደቃ። «ዓርብ ንጋት፣ ገና ወፍ ሳይንጫጫ፣ ያቭነ ከተማ ድረስ መጥቼ ደጃፍሽ ላይ ቆሜአለሁ፣ እታለሜ። በሩን እንደ ነጋሪት ጎሰምሁት። ሕንፃው በሙሉ ነቃ። አንቺ ብቻ የለሽም!»

ቂርያት ማላኪ ከተማ፣ ከሕንፃዎቹ መሀል በተተከለው የልቅሶ ድንኳን፣ ግማሹ የእስራኤል ሕዝብ ተቀምጧል ቢባል ማጋነን አይሆንም። የቀረው ግማሽ መኪና ማቆሚያ አጥቶ እስከ ጌዴራ ተሰልፏል።

እታፈራሁ ታናሽ ወንድሟን ዘበነን ቀና ብላ አላየችውም። የሞተው የሁለቱም ታላቅ ያረጋል ነው። ሐሙስ ሌሊት አረፈ፤ ሰንበት ሳይገባ ብለው ዓርብ ቀትር ላይ ቀበሩት። እሷ ማልዳ ለጽዳት ሥራ ወጥታ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቤቷ ስትገባ የልጅ ልጇ ሬዑት ከቤተሰቡ ዋትስአፕ ላይ የያረጋል ስም የተጻፈበት የሻማ ሥዕል አሳየቻት። አፈሩ ተመልሷል፤ አውቶቡሱም ለሰንበት ቆሟል። ሰንበትን ከግድግዳ ጋር ዋለች። ልቅሶው ቤት ከደረሰች ወዲህ ደግሞ ዓይኗ ደረቅ ነው፤ ለሟች የሚቀደደውን ልብሷንም አልቀደደችም። ሴቶቹ የሻይ ብርጭቋቸውን አፋቸው ላይ ደቅነው ይንሾካሾካሉ።

«ስልክ አልነበረህም?» አለችው።

«መርዶ በስልክ? እኔ ወግ የማላውቅ ሰው ነኝ?»

«ታዲያ ሻማውን ማን ለጠፈው?»

«እሱማ… ለሩቅ ሰው ነው።»

«አፍህ ነው እንጂ እግርህ መቼ ሄዶ ያውቃል!»

«ሳቭታ፣ ዲ፣ ይብቃሽ፣ ሰው ይሰማል» አለች ሬዑት፣ የአያቷን ክንድ እየጎተተች።

«ይስማ!»

በአያቶቻቸው ዘመን መርዶ በበቅሎ ነበር የሚሄደው። ዛሬ ሟቹ ዓይኑን ሳይከድን ሞቱ ሦስት ከተማ ይዞራል።

ገና አገር ቤት ሳሉ፣ አባታቸው የሞተ ጊዜ፣ እታፈራሁ ከስሜን ተራራ ማዶ ተድራ ነበር። ያረጋል ያንን ሁሉ ገደል በእግሩ አቋርጦ መጣ፤ ጅቡ መንገድ እየለቀቀለት፣ ወንዙ እየጎደለለት። ሲደርስ መሽቶ ነበር። «ሁሉም ደኅና ነው» አላት። ያቀረበችለትን በላ። ልጆቿን አሳቀ። «በይ ተኚ፣ ደክሞሻል» አላት፤ እሱ ምሰሶ ተደግፎ አነጋ። ሲነጋ ጎረቤቶቿ አንድ በአንድ ገቡ፤ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዟት፤ ያን ጊዜ ነገራት። ያቺን አንዲት ሌሊት አባቷ በሕይወት እያለ ተኛች። ያረጋል ዕንባውን ውጦ የሰጣት ይህንን ነው።

ዘበነ ውሸታም መሆኑን እታፈራሁ ሳይወለድ ጀምሮ ታውቃለች። ይህቺ አንዲቷ ግን እውነት ብትሆንላት ወደደች። ለያረጋል ብሎ አንድ ሰው፣ በእግሩ ሄዶ፣ ደጃፏ ላይ ቆሞ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ይቅር።

«ብቻህን ነበርህ?» አለች፤ ድምፅዋ ትንሽ ለዘብ ብሏል።

ዘበነ መንገዱ የተከፈተለት መሰለው። «ብቻዬን? ያለ ሽማግሌ መርዶ አለ? አባ ሰጠኝ ነበሩ እንጂ! አራት ፎቅ ደግፌ አወጣኋቸው። በርሽ ሥር ቁጭ ብለው የጸለዩት ጸሎት ሰማዩን ሊቀደው! ያላ፣ በሉ እንጂ አባ፣ ይንገሯት!»

ጥግ ላይ፣ ነጭ የላስቲክ ወንበር ላይ የተቀመጡት አባ ሰጠኝ በትራቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እኔ ያቭነን አላውቃትም፣ ልጄ» አሉ በለሆሳስ፣ ወደ እታፈራሁ እያዩ። «ለእኔም የልጅ ልጄ ናት ከስልኩ ላይ ያነበበችልኝ።»

እታፈራሁ የቀሚሷን አንገትጌ በሁለት እጇ ያዘችና እስከ ደረቷ ቀደደችው።