ጣት እና ጡት

«እናትዎ የፈረሙት ወረቀት ምን ይል ነበር?» ብላ ሐኪሟ ጠየቀቻት። ታካሚዋ የሆቴል አንሶላ እየተኮሰች ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ፊደል የቆጠረችው ገና ካቻምና፣ ከጎልማሶች ጋር ነው። ስለዚያ ወረቀት የምታውቀው የእናቷ አውራ ጣት በሰማያዊ ቀለም ተነክሮ እንደነበር ብቻ ነው። እናቷ ከሰመመን ስትነቃ ቀኝ ደረቷ ልሙጥ ሆኖ ጠበቃት። ከዚያ ወዲያ ልብስ ለማስጣት እንኳ ቀኝ እጇን ከትከሻዋ በላይ አንስታ አታውቅም።

«ወረቀቱ ምን ያደርጋል?» አለች አብራት የመጣችው ታላቅ እህቷ። «ተቆርጣ ሃያ ዓመት ኖራለች። ይቺም ትቆረጥና እንገላገል።»

«እትዬ፣ የሚቆረጠው የኔ ነው እኮ።»

ሐኪሟ ወንበሯን ሳብ አደረገች። «ያኔ የሚታወቀው እሱ ነበር። ሴትየዋ እንደተኛች እብጠቱ ይመረመራል፤ ካንሰር ከሆነ ሳትነቃ ጡቷ ከነደረት ጡንቻዋ ይወጣል። በኋላ ብዙ ሴቶች ለዓመታት ክትትል ሲደረግላቸው፣ እንደ እርስዎ ላለው ትንሽ እብጠት እሱን ብቻ አውጥቶ ጡቱን በጨረር ማከም እኩል ዕድሜ እንደሚሰጥ ታየ። ጨረሩ ግን ለሳምንታት መመላለስ አለው። ምርጫው የእርስዎ ነው» ብላ ቅጹን ሰጠቻት።

«የፈሩት ይደርሳል» አለች እህቷ፣ ለራሷ የምታወራ በሚመስል ድምፅ።

በሩ አጠገብ የቆመችው ነርስ የጣት አሻራ ቀለም ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ታካሚዋ ግን ቅጹን ወደ መስኮቱ አዞረችና በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። «እብ... ጠቱን ብቻ... ወይም... ጣቱን በሙሉ...» ክው አለች። «ዶክተር፣ ጣቴ ደግሞ ምን አጠፋ?»

አጠገቧ የተቀመጠችው ልጇ ሳቋ አመለጣት። «እማዬ፣ ‹ጡ› ነው እኮ። ‹ጣ› ቀኝ እግሩ ይረዝማል።»

ደግማ አየችው። ጎኑ ላይ አንዲት ጭረት አለች። ፈገግ ልትል ከጀመረች በኋላ ተወችው። እናቷ ጣቷን ሰጥታ ጡቷን አጣች፤ በመካከሉ የተጻፈውን ማንም አላነበበላትም።

«ከሥር ‹የማይፈልጉትን ይሰርዙ› ይላል። ይሄንንስ ተሳሳትኩ?»

«አልተሳሳቱም» አለች ሐኪሟ።

«እናታችንን ያስታመምኩት እኔ ነኝ» አለች እህቷ ቦርሳዋን እያነሳች። «ሁለተኛ አልችልም። ቢመለስብሽ እንዳትጠሪኝ።»

ቢመለስስ? ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺስ?»

«አንሶላ መተኮስ አልችልበትም» አለች ልጇ። «አብሬሽ መመላለሱን ግን እችላለሁ።»

የቀለሙን ክዳን ገጠመችውና እስክሪብቶ ተቀበለች። «ወይም ጡቱን በሙሉ» የሚለው ላይ መስመር አሰመረች። ከሥሩም የስሟን አራት ፊደላት፣ ከመስመሩ እየወጣች፣ ጊዜ ወስዳ ጻፈች። ቀና ስትል የእህቷ ወንበር ባዶ ነበር። ልጇ ግን አጠገቧ ቀርታለች።