ማደርና መኖር

ሱት ሜይን ከመርከብ ይዘው ፍርድ ቤት ያቆሟት፣ እትብቷ የተቀበረበትን ከተማ አገርሽ አይደለም ብለው ነው። ሳን ፍራንሲስኮ፣ ዱፖንት መንገድ ላይ፣ ከአባቷ መድኃኒት ሱቅ በላይ ባለችው ክፍል ነው የተወለደችው። ቻይና ዘመድ ጠይቃ ብትመለስ፣ “ያመጣሽ መርከብ ይመልስሽ” አሏት። ጉድ እኮ ነው።

መወለዷን የካደ የለም። አዋላጇ መስክራለች፤ ወር ሲሞላት በቻይኖች ወግ ቀይ የተቀባውን እንቁላል የበሉ ጎረቤቶችም መስክረዋል። የመንግሥት ጠበቃ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ።

“ተወለደች፣ እሺ። የወላጆቿ ዋና መኖሪያ የት ነበር? ክቡር ዳኛ፣ ማደር ሌላ፣ መኖር ሌላ። ልቡ ወደ አገሩ የሆነ ሰው ሠላሳ ዓመት ቢያድር እንግዳ ነው። እንግዳ የወለደው ደግሞ ዜጋችን አይደለም።”

“ሕጉ የት ተወለደች ነው የሚለው” አለ የእሷ ጠበቃ። “የአባቷን ልብ ከፍታችሁ እዩ አይልም።”

ዳኛው ለማንኛውም አባትየው ይጠየቅ አሉ።

ሱት ሜይ ያኔ ተስፋ ቆረጠች። አባቷ፣ ሽማግሌው ሊዎንግ፣ መዋሸት አያውቅበትም። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ፣ ሲሞት አጥንቱ ተለቅሞ ወደ መንደሩ እንዲላክ በጎረምሳነቱ ማኅበር ገብቷል፤ ይህንንም ለደንበኛው ሁሉ ሲያወራ በልጅነቷ ሰምታለች።

ደግሞም አኩርፋዋለች። ለእሱ ባትነግረውም፣ ቻይና የሄደችው እናቷ መቃብር ላይ ልትሰግድ ነበር። ልጅ ሳለች አጥንት ለቃሚዎቹ መጥተው ስለነበር፣ የእናቷም አብሮ የሄደ መስሏት ነው የኖረችው። መንደሩ ስትደርስ መቃብር የለም። አጎቷ “አባትሽን ጠይቂ” ብሎ ፊቱን አዞረባት። የትም ጥሏታል እያለች ነው ባሕሩን የተሻገረችው።

የመንግሥት ጠበቃው ሽማግሌውን አንቱ ማለት ከብዶት፣ “ስትሞት አጥንትህ ወዴት ነው የሚሄደው?” አለው።

አስተርጓሚው ተረጎመ። ሽማግሌው “ወደ መንደሬ ነበር” አለ።

“በቃኝ” አለ ጠበቃው።

“አልጨረስኩም። ለቃሚዎቹ ሲመጡ የባለቤቴ ተራ ደረሰ። አካፋውን ያዝኩባቸው። ልጇ እዚህ ናት፣ ልጇን ጥላ የት ትሄዳለች አልኳቸው። በዚያው ቀን ከማኅበሩ ወጣሁ። ከጎኗ ያለውን ቦታ ለራሴ ይዣለሁ። ወንድሞቼ ይኸው እስከ ዛሬ አያናግሩኝም። ለልጄም አልነገርኳት፤ አባቷ የአባቶቹን መቃብር ከዳ ብላ እንዳታፍርብኝ።”

ሱት ሜይ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። አባቷ እሁድ እሁድ የመድኃኒት ቅጠል ልለቅም ብሎ የሚወጣው ወዴት እንደነበር ገባት።

ዳኛው ብዙም አልቆዩ። “እዚህ መወለዷ ብቻ ይበቃ ነበር። ዋና መኖሪያም ካላችሁ፣ ሰውየው ነግሯችኋል። ወደ ቤቷ ትሂድ” አሉ።

ደጅ ሲወጡ አባቷ “ሾርባ አዘጋጅቻለሁ፣ ርቦሻል” አላት።

“መጀመሪያ እናቴ ጋ ውሰደኝ።”

መቃብሩ ንጹሕ ነበር፤ አንድ አረም አልበቀለበትም። ሱት ሜይ ብርቱካን አስቀምጣ ለእናቷ ሦስቴ ሰገደች። ከዚያ ዞራ፣ ባዶው ቦታ ላይ ለቆመው አባቷ ሰገደች።

“ተነሺ እንጂ” አላት፣ ክንዷን ይዞ። “እኔ እኮ ገና አልገባሁበትም።”

“አውቃለሁ አባዬ። ስትገባማ አትሰማኝም። እግዜር ይስጥልኝ።”