በጎማውና በፓራፋንጎው መሀል

ጎማው ነው እንጂ ሌላ ምን ይሸታል፣ ከመካነ ሰላም ከወጣን ጀምሮ ሰምቼዋለሁ፣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ከኋላ ይፋተጋል፣ እኔ ደግሞ አልሰማሁም ብዬ እነዳለሁ፣ አሁን ጭሱ ውስጥ ገብቶ ከኋላ የጫንኳቸው በሽተኞች ያስላሉ፣ የሚያስሉበትን አቅም ከየት እንዳመጡት እንጃ። አቆማለሁ። እወርዳለሁ። በጎማውና ከላዩ ባለው ቆርቆሮ፣ በፓራፋንጎው መሀል ጣቴን እሰዳለሁ፣ አንድም አይገባም።

ምን ሆነ ጋሼ ጀላል፣ ይላል ምናለ፣ የዘመቻው ተማሪ፣ ካኪው ገና አልቆሸሸም። ዛሬ ጠዋት መኪናዋ ስንት ሰው ትችላለች ሲለኝ አስራ አንድ ያልኩት እኔው ነኝ፣ የተራበ ሰው ምን ይከብዳል ብዬ፣ በዚህ አፌ። ከበደ እንግዲህ። አቀስታ እርዳታ ጣቢያ ዛሬ ካልደረሱ ነገን አያዩም፣ የመካነ ሰላሙ ድሬሰር እንዲያ ነው ያለው።

ባሌስትራው ነው፣ መኪናዋን የሚሸከማት ድርብርብ ብረት። ባሌስትራውን ያሳሳው ደግሞ፣ ዝም በል ጀላል፣ ለምን ዝም እላለሁ፣ በሆዴ ነው የማወራው ማን ይሰማኛል። ላንድሮቨሯ የፊታውራሪ ቢተው ነበረች፣ እሳቸው ደሴ ታሰሩ፣ እሷ የሰፊው ሕዝብ ሆነች፣ እኔ ሹፌሩም አብሬ የሰፊው ሕዝብ ሆንኩ። ከመታሰራቸው በፊት ፊታውራሪን ቁርጥማት ይዟቸው እግራቸው ከመርገጫው አልደርስ አለ፣ የገበያ ዕለት ነው፣ አገር ቆሞ እያየ ሁለት አሽከሮች በብብታቸው ገብተው አነሷቸው፣ እንደ ሬሳ ተሸክማችሁ ልትከቱኝ ነው አሉ፣ ሦስት ቀን ከቤት አልወጡም። በቅሎ ላይ ሲሆን ከደጃቸው ድንጋይ አለ፣ እሱን ረግጠው ይወጣሉ፣ ድንጋይ ረግጦ መውጣት ያባት ነው፣ በሰው እጅ መነሳት ግን ውርደት፣ ለመኪና ደግሞ ድንጋይ ይዞ አይዞር ነገር። በርጩማ ልያዝልዎ ብላቸው ተቆጡ። ዝቅ አድርጋት። እሺ ጌታዬ። በክሪክ አንስቼ ከግራም ከቀኝም ከባሌስትራው ሦስት ሦስት ብረት አወጣሁ፣ ወረደች፣ ፊታውራሪ ብቻቸውን ገቡ፣ ጋቢ ሸለሙኝ፣ ወላሂ ኮርቼ ነበር፣ ገበያውን ዞርኩበት። ብረቱንስ? ብረቱን ቀጥቃጩ መለሰ ማረሻ አደረገው፣ ከዚያ ዝናቡ ቀረ፣ በሬው አለቀ፣ ማረሻውም የትም ወድቋል።

ድንጋይ አነሳለሁ፣ የፓራፋንጎውን ጠርዝ እቀጠቅጣለሁ፣ ትንሽ ይታጠፋል፣ አይበቃም፣ ከስርም ብረት ከብረት እየተማታ ነው፣ መሀላቸው ያለችው ትንሽ የላስቲክ ትራስ ተበልታ አልቃለች። እንጨት ልሸጉጥ ብል ሜዳው አንድ ዛፍ የለውም፣ እዚህ የሚበቅለው ውርጭ ነው። ሰው ካልወረደ አትሄድም።

ስንት ሰው፣ ይላል ምናለ። አራት። ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ ይህ የፊውዳሉ አሻጥር ነው፣ ንብረቱ ለጭቁኑ ሕዝብ እንዳያገለግል ሆን ብሎ ነው ያበላሸው፣ አይደለም? አዎ እላለሁ። አዎ አልኩ። በማስታወሻው ይጽፋል፣ ቀኑን ጭምር፣ ጥር 1967። አፍራለሁ፣ በጣም አፍራለሁ፣ ግን አላርመውም፣ አሻጥረኛ ተብሎ የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየሁም።

ጀላል፣ ይላል ከኋላ አንድ ድምፅ፣ ልጁ ስንት ይውረድ አለ? ሼህ ከማሉዲን ናቸው፣ አሊፍ ባ ያስቆጠሩኝ፣ ጠዋት ሲጫኑ አላወቅኋቸውም፣ ከፊታቸው የቀረው አጥንት ነው፣ ድምፃቸው ግን ያው። አራት ነው ያ ሼህ። እንግዲያስ እኔ አንድ። ከአጠገባቸው ያሉት ሁለት ሽማግሌዎች ተያዩ፣ ተነሱ። አራተኛ የለም። ማንም ማንንም አያይም፣ እኔም መሬት መሬት አያለሁ፣ ከዚያ ቦጋለች፣ የወግዲዋ፣ ያዘለቻትን ሕፃን ፈትታ ከጎኗ ላለችው ሴት አቀበለች፣ የልጄ ስም አልታየች ነው፣ ስሟን እንዳትረሱት አለች። ወረደች። እኔ እመለሳለሁ እላለሁ፣ አውርጄ ወዲያው እመለሳለሁ፣ ለማን እንደምለው አላውቅም።

ሼሁ ለመውረድ መጨረሻ ሆኑ። መኪናዋ ድሮም እንዲህ ነበረች ልጄ፣ ይላሉ። ለምናለ የዋሸሁትን ለሳቸው መዋሸት አቃተኝ። የለም ያ ሼህ፣ እኔ ነኝ፣ ፊታውራሪ በሰው እጅ ሳይነሱ እንዲገቡ ብዬ ዝቅ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ላወርዳቸው እጄን ዘረጋሁ፣ አልፈለጉትም፣ እግራቸውን ሰደዱ፣ መሬቱ ቅርብ ነው፣ ብቻቸውን ቆሙ።

ለመውረድስ ደግ አድርገሃታል፣ ማንም ሳይዘኝ ወረድሁ።

ቢረግሙኝ። ምነው ቢረግሙኝ። ግን ከልባቸው ነው፣ እያመሰገኑኝ ነው።

ጣቴን እሰዳለሁ፣ ሁለት ጣት ገባ። እነዳለሁ። አሥር ሰዓት ሆኗል፣ አቀስታ ለመድረስ ሁለት ሰዓት፣ ወደ አራቱ ለመመለስ ሁለት ሰዓት፣ ውርጩ ፀሐይ እንደጠለቀች ነው የሚወርደው፣ በሂሳብ አይሆንም፣ ሂሳቡን ተወው፣ መንገዱን እይ፣ ጉድጓድ፣ አልነካም፣ ሌላ ጉድጓድ፣ አልነካም፣ ተሻላት መሰለኝ ይላል ተማሪው፣ አዎ ተሻላት፣ ከኋላ አልታየች እናቷን ትጣራለች፣ ጎማው ዝም ስላለ ጥርት ብሎ ይሰማኛል